በርበሬ የነካ እጅ

የመጀመሪያ ታሪኬን ለሰው ያነበብኩት ደብረ ማርቆስ፣ ከሱቄ ጎን ባለችው ጸጉር ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሁለት ሴቶች ቢጉዲን ተጠቅልለው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሹሩባ እየተሠራች ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት እናት ደግሞ ተራቸውን እየጠበቁ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ያዳምጣሉ። ካስኩ ስለሚጮህ፣ ታሪኩ ሞቅ ሲል ሁለቱ አንገታቸውን ከሥሩ ያወጡ ነበር።

እኔ የምተዳደረው በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ነው። ቀን ቀን ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እመታለሁ። ማታ የራሴን እጽፋለሁ። የምጽፈው የፍቅር ታሪክ ነው፤ በሩ ሲዘጋም ብዕሬን የማላስቀምጥበት ዓይነት። ለገበያ አይደለም፤ የወንጀል ሕጋችን ጸያፍ ጽሑፍ ማሰራጨትን እንደሚቀጣም አውቃለሁ። የማነበው ለአዋቂዎች፣ ወደው ለሚሰሙኝ ነው። እንዲህ ዓይነት ታሪክ መሞከር የሚፈልጉ፣ ግን የት ላይ እንደሚሰናከሉ ያልገባቸው ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ የደረሰብኝን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ታሪኩ የቡሬ ነበር። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። የ34 ዓመት በርበሬ ነጋዴና ጭነቷን ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስላት የ41 ዓመት የአይሱዙ ሾፌር። ዕድሜያቸውን ገና ከመጀመሪያው ገጽ እናገራለሁ፤ ይህን ሁልጊዜም አደርገዋለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ተያዩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እሷ ቀኑን ሙሉ ስትቀነጥስ ከዋለችበት መጋዘን ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቆይ እስኪ ልጄ» አሉ እኒያ እናት። «ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስትቀነጥስ ውላ ነው ያልሽን?»

«አዎ እትዬ።»

«እጇንስ ታጠበች?»

ዝም አልኩ። አልታጠበችም።

«ታዲያ ዓይኑን አጠፋችው እኮ! እኔ ልጅ ሆኜ ቡሬ መጋዘን ስቀነጥስ ኖሬያለሁ። ያ እጅ ሌሊቱን ሙሉ ነው ሲያቃጥል የሚያድር። እንኳን የሰው ፊት፣ የራስሽን ዓይን እንኳ ረስተሽ ካሸሽው ጉድሽ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ንባቡም በዚያው ቆመ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ ዕረፍት ነሳኝ። እትዬ የያዙብኝ የሙያ ስሕተት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ «እጇን ታጥባ» የምትል አንዲት ሐረግ ጨምሬ ላልፈው አሰብኩ። ስጽፈው ገባኝ። ይህች ሴት እጅ የላትም። ነጋዴ ናት ብያለሁ እንጂ በርበሬ ነክታ አታውቅም። ጸጉሯን፣ አንገቷን፣ ዳሌዋን አንድ ገጽ ሙሉ ገልጫለሁ፤ እጇን ግን አንዴም አላየሁትም። ሾፌሩማ ጭራሽ ትከሻና ድምፅ ብቻ ነበር።

ያ ታሪክ 14 ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ አልጋ ደረሱ። የቀሩት 11 ገጾች ያንኑ ነገር በሌላ ቃል የሚደግሙ ነበሩ። እየጻፍኩት ልቤ ይመታ ስለነበር አንባቢም እንደዚያው የሚሆን መስሎኝ ነበር። የእኔ ልብ የሚመታው ግን ሰዎቹን በሐሳቤ ስለማውቃቸው ነው። አንባቢዋ አታውቃቸውም። ለማታውቀው ሰው አልጋ ላይ መውጣት ምኗ ነው?

እዚህ ላይ የብዙ ጀማሪ ስሕተት ሠራሁ፤ በኋላም የሌሎችን ረቂቅ ሳነብ ደጋግሜ ያገኘሁት ነው። «ቶሎ ደረሱ» ሲሉኝ፣ ማዘግየት ነው የሚያስፈልገው ብዬ እንቅፋት መደርደር ጀመርኩ። ሊሳሳሙ ሲሉ ስልክ ይጠራል። ሁለተኛ ሊሳሳሙ ሲሉ መብራት ይጠፋል። ሦስተኛ ዝናብ ይመጣና ዛላው እንዳይርስ ሸራ ለማልበስ ይሮጣሉ። አራተኛ አክስቷ በር ታንኳኳለች። 14 የነበረው ገጽ 31 ደረሰ። ይህንንም ጸጉር ቤት ወስጄ አነበብኩት። አክስቲቱ ስታንኳኳ ሹሩባ የምትሠራው ሴት «ኤጭ!» አለችና ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። ጓጉታ አልነበረም፤ ሰልችቷት ነው። ስልኩን የደወልኩት፣ መብራቱን ያጠፋሁት፣ ዝናቡን ያመጣሁት እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃሉ። እንቅፋቱ ከሰዎቹ የመጣ አልነበረም።

መንገዱን ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። አባቴ ካህን ነበር። እኛ አገር ዳዊት ሲባል 150ው መዝሙር ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ጸሎተ ነቢያት አለ፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን አለ፣ ውዳሴ ማርያም አለ። አባቴ በየቀኑ እየከፋፈለ ይደግመው ስለነበር ያ የሰሎሞን ክፍል ከልጅነቴ በጆሮዬ አለ፤ ግዕዙ ባይገባኝም። ካደግሁ በኋላ ነው በአማርኛው ያነበብኩት። ሊቃውንቱ የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን ፍቅር ብለው ይተረጉሙታል፤ ያን ለመንካት አይደለም። እኔ ያየሁት አካሄዱን ነው። ምዕራፍ 5 ላይ ወንዱ ሌሊት መጥቶ በር ያንኳኳል፤ ራሱ በጤዛ ርሷል። እሷ ግን ተነሥታ አትከፍትም፤ ልብሷን አውልቃለች፣ እግሯን ታጥባለች፣ እንዴት እንደገና ታቆሽሸዋለች? እጁን በበሩ ቀዳዳ ሲሰድ ሆዷ ይላወሳል። ትነሣለች። ከጣቶቿ ከርቤ እየተንጠባጠበ መወርወሪያውን ትይዛለች። ስትከፍት ሄዷል።

ስልክ የለ፣ አክስት የለ፣ ዝናብ የለ። ያዘገያት የገዛ ራሷ ነው፤ የታጠበ እግሯ፣ የሞቀ አልጋዋ። ለዚያች ለጥቂት ጊዜ መዘግየቷም ዋጋ ትከፍላለች፤ ሌሊቱን በከተማው ስትፈልገው ጠባቂዎች ይመቷታል። ሦስት ጊዜ አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁና የቡሬዋን ሴት ከመጀመሪያው ጀመርኳት።

ስለ ፍቅር አንድም መስመር ሳልጽፍ አንድ ሳምንት ስለ እሷ ብቻ አሰብኩ። ምን ትፈልጋለች? ሾፌሩን አይደለም። የራሷን መጋዘን ነው የምትፈልገው፤ ኪራይ አንገቷ ላይ ደርሷል። ምን ትፈራለች? ገበያ ውስጥ አንዴ ከሾፌር ጋር ስሟ ከተነሣ በጭነት ዋጋ ልትከራከረው አትችልም፤ «ለእሷማ በነጻ ነው የሚጭንላት» ይባላል። ምን ደርሶባታል? የሟች ባሏ ወንድም ከላከችው ጭነት ሁለት ጆንያ ወስዶ ክዷታል። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ሁለት ጊዜ ትቆጥራለች፤ አንዴ ሲጫን፣ አንዴ ሸራው ከመታሰሩ በፊት። ማንም ፊት ይሁን ማን ትቆጥራለች። ዛላ ስትገዛ በጆሮዋ አጠገብ ታንሿሿዋለች፤ በደንብ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፤ እርጥብ ከሆነ ድምፅ የለውም፣ ውሃው ተመዝኖ ይሸጥልሻል ማለት ነው። ሰውንም እንደዚያው ነው የምታደርገው፤ ሲያወራ ፊቱን አታይም፣ ድምፁን ታዳምጣለች።

እነዚህን ካወቅሁ በኋላ እንቅፋት መፈለግ አላስፈለገኝም። ሴትዮዋ ራሷ በቂ ነበረች።

ያን ትዕይንት እንደ አዲስ ጻፍኩት። ማታ ነው፤ ሾፌሩ ሒሳብ ሊያወራርድ መጋዘኑ ደጃፍ መጥቷል። ብናኙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሊያሽ እጁን ሲያነሣ «አይንኩት!» አለችው። ልትጠርግለት ፈለገች፤ አልቻለችም፣ እጇ እሳት ነው። ውሃ ብቻውን እንደማያወጣው እትዬ ነግረውኛል። ስለዚህ የኑግ ዘይት መዳፏ ላይ ታፈሳለች። በጣቶቿ መካከል፣ በጥፍሮቿ ሥር፣ እስከ አንጓዋ ታሸዋለች። በሳሙና ታጥባለች። ታሸታለች። እንደገና ዘይት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ እጇ ጸድቶ እንደሆነ ለማወቅ ጣቷን በገዛ ከንፈሯ ላይ አሳረፈችና ጠበቀች። አያቃጥልም። የነጠላዋን ጫፍ አርጥባ ቀረበችው።

ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ማንም ማንንም አልነካም። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ሳነበው ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ ስታሳርፍ ከካስክ ሥር ያሉት ሁለቱ ጭራሹን ወጥተው ነበር፤ ጸጉራቸው ሳይደርቅ።

እዚያው ትዕይንት ላይ ከአማርኛችን ያገኘሁት ሌላ ትልቅ ነገር አለ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሥራ ነው የሚያገናኛቸው፤ ስለዚህ አንቱ ይባባላሉ። «ይጫኑ»፣ «ይቁጠሩ»፣ «ይግቡ»። ስምንት ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው። ዓይኑን ከጠረገችለት በኋላ «ይክፈቱ» ትለዋለች። አይከፍትም። ትንሽ ዝም ትልና በዝግታ «ክፈት» ትላለች። በቃ። የሁለት ሰዎች ሕይወት የተቀየረው በአንዲት ግሥ ነው። አንቱና አንተ የሚባል ነገር እያለን ምን ጎድሎን ነው ሦስተኛው ገጽ ላይ አልጋ የምንሮጠው? ስትጽፉ እስቲ ይህን አስቡት፤ ገጸ ባሕርዮቻችሁ በምን እየተጠራሩ ነው? አንቱ ከሆነ መቼ ይሰበራል? ማን ነው የሚሰብረው? ከሰበረችው በኋላ ነገ ገበያ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ምን ብላ ትጠራዋለች?

ዓረፍተ ነገሩም ራሱ ይረዳል። በእኛ ቋንቋ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ አጥፋ፣ ጆንያው ላይ አኑራ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጋ፣» እያለ ቦዝ አንቀጹ ሲደረደር አንባቢ ማሰሪያውን እየጠበቀ ነው። ልብ ሲሰቀል እንዲህ አስረዝመዋለሁ። ውሳኔ ሲመጣ ደግሞ አጭር። «ቆመች።» «ተወችው።» የመጀመሪያው ረቂቄ ሁሉም ዓረፍተ ነገር እኩል ነበር፤ መጋዘን መክፈቱም መሳሙም በአንድ ርዝመት። ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁት ጆሮ ይነግራችኋል። ትንፋሽ የሚያጥራችሁ የት ነው፣ የት ላይ ነው አፋችሁ የሚዝለው?

የቃል ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለአካልና ለግንኙነት ያሉን ቃላት ወይ የሐኪም ቤት ናቸው ወይ የስድብ። «የግብረ ሥጋ ግንኙነት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል፤ ሌላኛውን ከጻፋችሁ ጠብ ይመስላል። እኔ ለረጅም ጊዜ አዲስ ቃል ስፈልግ ነበር። አሁን የምፈልገው ቃል ሳይሆን ግሥ ነው፣ ያውም የሰዎቹ ሙያ ግሥ። ኦሪት ዘፍጥረት አዳም ሔዋንን «አወቀ» ነው የሚለው፤ ያ ግሥ የተዋሰው ነገር የለም፣ የዕለት ተዕለት ቃል ነው፣ ሁሉም ግን ይገባዋል። ነጋዴዋ ትመዝናለች፣ ታዳምጣለች፣ ትፈታለች፣ ታስራለች። ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልጋትም።

አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳልናገረው ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ሁለተኛው ታሪኬ ጠለፋ ነበረበት። ድሮ ሲወራ የሰማሁት ዓይነት፤ ወንዱ ወድዷት፣ በፈረስ ወስዷት፣ መጀመሪያ አልቅሳ ኋላ ትወደዋለች። ግለት መስሎኝ ነው የጻፍኩት። ሳነበው አንዷ ሴት ሒሳቧን ከፍላ፣ ጸጉሯ በግማሽ ተሠርቶ፣ ምንም ሳትናገር ወጣች። ማንም ተከትሎ አልጠየቃትም። ሁላችንም ገብቶናል። እኔ በሥራዬ አቤቱታ እጽፋለሁ፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ እንደነበረ፣ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ያን ቀዳዳ እንደደፈነው አውቃለሁ። ሕጉን እያወቅሁ ያንኑ ቀዳዳ በታሪክ መልሼ ከፈትኩት። ጽሑፉን አቃጠልኩት። ከዚያ ወዲህ በምጽፈው ሁሉ እሺታው ይታያል፤ በቃል ወይም በማያሻማ ድርጊት፣ ከሁለቱም ወገን። የታሪኩን ፍጥነት ይገድለዋል የሚሉኝ አሉ። በፍጹም። «ክፈት» እሺታ አይደለም እንዴ? ከዚያ የበለጠ ምን ያሞቃል? «እንቢ» ያለች ሴት ላይ ታሪክ ወደፊት ሲሄድ ሰውየው ገጸ ባሕርይ መሆኑ ያበቃል፤ እሷም እንደዚያው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ጉልበት ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የባልና ሚስት ነው፤ 12 ዓመት የኖሩ። ሞጣ፤ እሱ አናጺ፣ እሷ አስተማሪ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር፣ ምክንያቱም ስለ ሁለት አዲስ ሰዎች መጻፍ ቀላል ነው፤ ለሚተዋወቁ ሰዎች ልብ እንዴት ይሰቀላል? ጊዜውን ዐቢይ ጾም አደረግሁት። 55 ቀን። ጾሙን የሚያከብሩ ባልና ሚስት ናቸው፣ አልጋ ለይተዋል። መቼ እንደሚያበቃ ሁለቱም ያውቃሉ፣ አንባቢም ያውቃል። መጀመሪያ ስጽፈው ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ክፍል ሰጠሁና ስምንት እኩል ክፍል ሆነ። ሙት ነበር። አንባቢ ሦስተኛው ላይ ስምንተኛውን አወቀችው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት በአንድ አንቀጽ ዘለልኳቸው፤ «እሱ ሳሎን መደብ ላይ፣ እሷ ውስጥ፣ መካከላቸው መጋረጃ» ብዬ። ከሰባተኛው፣ ከኒቆዲሞስ ሳምንት፣ አንድ ማታ ብቻ ወስጄ ስድስት ገጽ ሰጠኋት።

ያን ማታ ምን ሆነ መሰላችሁ? አውራ ጣቱ ላይ ስንጥር ገባበት። መብራት ስለሌለ እሷ የስልኳን ብርሃን ይዛ፣ መርፌ በእሳት አሙቃ ታወጣለታለች። 12 ዓመት የምታውቀው እጅ ነው። ግን ከመቼ ወዲህ እንዲህ አቅርባ አይታው አታውቅም። የጣቱ ጫፍ እንዴት እንደደደረ፣ አመልካች ጣቱ ላይ ያለችው ጠባሳ በየትኛው ዓመት እንደመጣች፣ ሲያመው እንደማይናገር፣ ግን የእግሩን ጣቶች እንደሚያጥፍ። እሱም ግንባሯን ያያል፤ ስታተኩር የምታበጀው መስመር፤ ያገባት ሰሞን እርሳስ ስትቀርጽ ያየው መስመር ነው። ስንጥሩ ወጣ። እጁን አልለቀቀችውም። እሱም አልሳበውም። ገና 13 ቀን ይቀራል። የፋሲካው ሌሊት ራሱ ግማሽ ገጽ ብቻ ወሰደ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይበዛል፤ ሁሉ ነገር ስንጥሩ ላይ ተሠርቶ አልቋል።

ብዙ ጊዜ የምሰማው ሌላ ጥያቄ የት ላይ ይቁም የሚል ነው። አብዛኛው ሰው አልጋው ላይ ያቆማል። እኔ ግን ያለ ንጋት አልጨርስም። ሌሊቱ ሰዎቹን ለውጧቸው እንደሆነ የሚታየው ጠዋት፣ ሥራ ላይ ሲገናኙ ነው፤ ካልለወጣቸው ደግሞ ያ ሌሊት ለምን ተጻፈ?

ለቡሬዋ ሴት ይህ ጠዋት በመጨረሻ ነው የተገኘው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱ ላይ ቁርስ ሠርታ ሸኘችው፤ እሷን አይመስልም። ሌላው ላይ አለቀሰች፤ ጭራሽ። ሦስተኛውን ይዤ አንድ ቅዳሜ ጸጉር ቤት ሄድኩ። እትዬ እዚያው ነበሩ። እንዲህ ነው፦ ገና ሳይነጋ ነው። ሾፌሩ ደጀንን አልፎ አባይ በረሃን ፀሐይ ሳይበረታ መውረድ አለበት። ጫኞቹ መጥተዋል፣ ስለዚህ «ይቁጠሩ» ይላታል፤ እንደገና አንቱ። እሷም መዝገቧን ይዛ ትወጣለች። ጆንያው ሲጫን አንድ፣ ሁለት እያለች ትቆጥራለች። 62። ረዳቱ ሸራውን ይዞ ቆሟል፤ እንደ ልማዷ ሁለተኛውን እስክትቆጥር ነው የሚጠብቀው። ሾፌሩም ይጠብቃል፤ አያያትም፣ መሬት መሬት ያያል። እሷ መዝገቡን ዘጋችና «እሰሩት» አለች።

ወረቀቱን አጠፍኩ። ትንሽ ዝም አሉ ሁሉም። ከዚያ እትዬ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «አዲስ አበባ ሲደርስ ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«62 እትዬ።»

«እሰይ» አሉና ጸጉራቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።